በክረምት ወራት የጉለሌን ዕፀዋት ስለ መጐብኘት

ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ከምድጃ አጠገብ መቀመጥን ይመርጣል። ዕፀዋትን ለማወቅ ግን ክረምት መልካም ጊዜ ነው፤ ዝናሙ አቧራውን አጥቦ የቅጠሉን መልክና ሽታ ይገልጠዋልና።

ባለፈው ሐምሌ ከእናቴና ከዐሥር ዓመት ልጄ ጋር ወደ ጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ሄድን። ሥፍራው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ፤ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ሲሆን፤ ስፋቱ 700 ሄክታር ያህል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተተከለው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ዳሩ ግን ተራራውን እየወረሰ ስለ ሄደ፤ የአገሩን ዛፍ እንደገና መትከል አስፈለገ።

የእናቴ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ ግንዱን እየዳሰሱ፤ ቅጠሉን እያሹና እያሸተቱ፤ የየዛፉን ስም ይናገሩ ነበር።

«ልጄ፤ ይህ ጽድ ነው። ይህ ደግሞ የወተቱን ዕቃ የምናጥንበት ወይራ ነው። ይህ ኮሶ ነው፤ በልጅነታችን አበባውን ወቅጠው ለትል መድኃኒት ያጠጡን ነበር።»

ልጁም የሰማውን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። ነገር ግን ዝናም በድንገት ወረደና ቀለሙን አጠፋበት። ሊያለቅስ ሲል እናቴ፤ «አይዞህ፤ እኔም ስማረው ደብተር አልነበረኝም» አሉት። ወደ ቤት ስንመለስም እየደጋገሙ በቃሉ አስጠኑት።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ብዙ ነው፤ ስሙንና ጥቅሙን የሚነግሩን አረጋውያን ግን ከዓመት ወደ ዓመት ያንሳሉ። ስለዚህ ክረምቱ ሳያልፍ ወላጆቻችሁንና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጃንጥላም አትርሱ።