ጳውሎስ በር ላይ

ጉለሌ፣ ማለዳ። ከመርሐ ቤቴ የሚመጣው መንገድ በሙከጡሪና በሱሉልታ አልፎ አዲሱ ገበያ ላይ ያወርዳል። በዚያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከጳውሎስ ሆስፒታል ማዶ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። የሽንት ከረጢታቸውን ጋቢው ውስጥ ሸሽገውታል። ነገ ይተኛሉ።

ልጃቸው ሻይ ልታመጣ ስትነሳ ጠብቀው፣ «ፕሮስቴቱን ያወጡታል አሉ። ከዚያ ወዲያ ወንድነት አለ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ስንቱን ሽማግሌ ቱቦ እንዳንጠለጠለ ቤቱ አስቀርቶታል! በአንድ ስም የሚጠሩት ግን ሁለት የተለያዩ ኦፕራሲዮኖች ናቸው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን የከበበ እጢ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ያድግና ቧንቧውን ያጠብባል። ካንሰር ካልሆነ የሚወጣው ያደገው የውስጥ ክፍል ብቻ ነው፤ ወይ በሽንት ቧንቧ በገባ መሣሪያ፣ እጢው በጣም ከተለቀ ደግሞ ከእምብርት በታች ተቀዶ። ካንሰር ሲሆን ግን እጢው ከነሽፋኑ ይነሳል። የወንድነት ነርቮች እጢውን ታክከው ስለሚያልፉ፣ ሽማግሌው የፈሩት ጉዳት በብዛት የሚደርሰው በዚህኛው ነው።

የእርሳቸው ካንሰር አይደለም ተብለዋል። «አባባ፣ በእርስዎ ዓይነቱ ወንድነቱን የሚያጣ ጥቂት ነው። ዘሩ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፊኛ ይመለስና ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ጉዳት የለውም። ሐኪሙንም ሳያፍሩ ይጠይቁት» አልኳቸው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

የቀረውንም አወራን። ብዙ ጊዜ የሚደነዝዘው ከወገብ በታች ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ፊኛውን የሚያጥብ ውሃ በቱቦ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ሲታይ አስታማሚ ይደነግጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የሚጠበቅ ነው። የረጋ ደም ቱቦውን ከዘጋው ወይም ትኩሳት ከመጣ ነርስ ወዲያው ይጠራል። በመሣሪያ ለተሠራ ሰው ቱቦው በጥቂት ቀናት፣ ለተቀደደ በሳምንት ገደማ ይነቀላል። ከዚያ ማቃጠል፣ መቸኮል፣ አንዳንዴም ማምለጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

«እርሻስ?» አሉ።

ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም፤ ሞፈርና ቀንበርም ጭምር። የሆድ ድርቀትም ስለሚያስምጥ ውሃ መጠጣት ያሻል። ከሽፋኑ ጋር የሚቀር የእጢ ክፍል ስላለ፣ የፕሮስቴት ክትትሉ ወደፊትም አይቋረጥም።

ልጅቱ ሻዩን ይዛ ተመለሰች። ለኦፕራሲዮኑ ደም የሚሰጥ ዘመድ ፈልጉ ተብለዋል፤ አዲሱ ገበያ ላለው የአክስቷ ልጅ ደወለች።