የተሸረፈችው ፔኒ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ባለቤቴ ደግሞ «የሰው ብርስ?» ብላ ትጨምርበታለች። ነገሩ ወደ እኔ መሆኑ ነው። መቼም አይፈረድባትም፤ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቤቱን ያድሳል፣ ልጁን ይድራል። እኔ ግን ከሞቱ ሰባት ስምንት መቶ ዓመት ያለፋቸውን የእንግሊዝ ነገሥታት የብር ሳንቲም እሰበስባለሁ። እሰበስባለሁ ስላችሁ ታዲያ ሙዚየም የከፈትኩ እንዳይመስላችሁ! ያሉኝ በጠቅላላው አምስት ናቸው፤ አምስቱም ተሸጠው አንድ ደህና ሞባይል አይገዙም።

አመሉ የመጣው ከማስተማሩ ነው። ለዓመታት የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ቾሰር ሕይወት የማነሳት አንዲት ነገር ነበረች። ወጣቱ ቾሰር ፈረንሳይ ዘምቶ ተማረከ፤ በ1360 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ለማስለቀቂያው 16 ፓውንድ አዋጣ። ተማሪዎቼ «ይሄ ብዙ ነው ትንሽ?» ይሉኛል። ያኔ ፓውንድ የሚባል ሳንቲም አልነበረም፤ የሒሳብ ስም ነው። 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ይባላል፤ ይህ አቆጣጠር እስከ 1971 ድረስ ዘልቋል። እንግዲህ 16 ፓውንድ ማለት 3,840 ፔኒ ነው። አንዷ ፔኒ በዚያን ጊዜ 1.2 ግራም ገደማ ስለነበረች ንጉሡ ያዋጣው ከአራት ኪሎ ተኩል ብዙም የማይርቅ ብር ነው። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካሰላሁ በኋላ አንዷን በእጄ ሳልይዝ መኖር አልቻልኩም።

በመምህር ደመወዝ የንጉሥ ሳንቲም? ይቻላል፣ ግን ምን እንደሚተው ማወቅ ነው። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዛው የኦፋ ፔኒ በሺዎች ፓውንድ ስለሚጠራ እርሱን በሥዕል ማየት ይበቃል። ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1279 ገንዘቡን እንደ አዲስ ሲያስመታ ግን ፔኒው እጅግ በብዛት ስለወጣ፣ ያገለገለው ዛሬም ለንደን ውስጥ በጥቂት አሥር ፓውንዶች ይገኛል። እዚያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የሚገዛልኝ ደረሰኝ ከሚሰጥና ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ መልሶ ከሚወስድ ሱቅ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ቆንጆ ልፈልግልህ ወይስ ርካሽ?» ይለኛል። «ፊቱ ቢፋቅም ስሙ የሚነበብ» ነው መልሴ።

ስሙ ብዙ ያወራልና ነው። ከ1180 እስከ 1247 የተመቱት ፔኒዎች ሁሉ «ሄንሪ» ይላሉ። በመሐል ሪቻርድ ነግሧል፤ ዮሐንስም ነግሦ በ1215 ማግና ካርታን አጽድቋል። ቢሆንም በእንግሊዝ ፔኒ ላይ የሁለቱም ስም የለም! ሕዝቡ ያመነውን መልክ ለምን ይንኩት? የኛም አያቶች ይህን ያውቁታል፤ ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላ የታተመው ጠገራ ብር ሁሉ ያንኑ 1780ን ይዞ አይደል እየተቆጠረ ጥሎሽ የተጣለበት?

ከአምስቱ ርካሿ ግን በሄንሪ ሣልሳዊ ዘመን የተመታችው ናት። ጀርባዋ ላይ «ኒኮል፣ ለንደን» የሚል ይነበባል። ኒኮል የመቺው ስም ነው፤ ብሩ ቢጎድል ተጠያቂው እንዲታወቅ ይጻፋል። ተጠያቂነቱም ቀልድ አልነበረም፤ ሄንሪ ቀዳማዊ በ1124 ገና ሰሞን መቺዎቹን ዊንቸስተር አስጠርቶ ቀኝ እጃቸውን አስቆርጧል።

በዚያ ዘመን ከፔኒ በታች ዝርዝር የለም ማለት ይቻላል። ዳቦ ገዢው ፔኒዋን ለሁለት ወይም ለአራት ያስቆርጣል፤ «ፋርዚንግ» የሚለው ስም ራሱ ከአራት አንድ እጅ ማለት ነው። የኛ «ሽርፍራፊ» እዚያ ቃል በቃል ነበር። ችግሩ ጠርዟን በመቀስ እየላጨ ብሩን የሚያጠራቅም መኖሩ ነው። በ1247 መስቀሉን እስከ ጠርዝ ያስረዘሙት፣ የመስቀሉ ጫፍ ከጎደለ ሸራፊው ይታወቃል ብለው ነው። አልተወም። ገንዘቡ እየሳሳ፣ ሰው እያጉረመረመ ሄደ።

ከዚያስ? ጥፋተኛ ተፈለገ። ሸራፊ ከየወገኑ ነበር፤ ክርስቲያን አንጥረኞችም ተይዘዋል፤ አብዛኞቹ ግን መቀጫ ከፍለው ወጡ። በኅዳር 1278 ከመላ እንግሊዝ ተለቅመው የታሰሩት አይሁድ ወደ 600 ይደርሳሉ። በተከታዩ ዓመት ከ250 በላይ የሚሆኑት ለንደን ውስጥ ተገደሉ። በ1290 የቀሩት በሙሉ ካገር ተባረሩ፤ እስከ አሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስም አልተመለሱም።

ገንዘብ ሲረክስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቱ ደግሞ በእምነት ወይም በቋንቋ የሚለይ ከሆነ ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል። ይህን ለማወቅ እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ገበያ ሲወደድ ሰፈራችን ውስጥ «እነሱ ናቸው» ሲባል ጆሮ መስጠት ይበቃል።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ደወለና «ጋሼ፣ ያቺን የተበላችውን ትንሽ ጨምረን በሙሉ እንለውጣት» አለኝ። ሙሉ ብትሆን 1.4 ግራም ገደማ ትመዝን ነበር፤ አሁን 1.1 ናት። የጎደለችውን ቁራጭ የወሰደው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ማን እንደተቀጣባት ግን ይታወቃል። «ተዋት፣ እንዳለች ትቀመጥ» አልኩት።