የወደቀው የኔ ዓረፍተ ነገር ነው

ባለፈው ሴሚስተር የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ፈተና አርሜ ስጨርስ 8ኛውን ጥያቄ የመለሱት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። "እነዚህ ልጆች እኮ አያነቡም" እያልኩ ስታፍ ውስጥ ሳማርር ዋልኩ።

በማግስቱ አንዷ ተማሪዬ ወረቀቷን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ጥያቄውን በአማርኛ ቢነግሩኝ እሠራው ነበር" አለችኝ። ነገርኳት። እዚያው ቆማ ሠራችው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የኛ አካባቢ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስ የሚማሩት በአማርኛ ነው፤ 9ኛ ላይ ድንገት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ ምን ጽፌ ነው?

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ላፕቶፔ ላይ ያለው ሊኑክስ ነው። ፈተና የማዘጋጀውም በላቴክስ ነው፤ ፎርሙላ ያሳምርልኛል። ሊኑክስ ላይ ስታይል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። የመጀመሪያዋ ስታይል በቤል ላብስ የተሠራች ናት፤ ከሠሯት ሰዎች አንዷ ሎሪንዳ ቼሪ ናቸው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስትሰጧት ዓረፍተ ነገሮቹን ቆጥራ አማካይ ርዝመታቸውን፣ ረጅሙ የትኛው እንደሆነ፣ ጽሑፉ ለስንተኛ ክፍል እንደሚመጥን ትነግራችኋለች።

ፋይሌን እንዳለ ሰጠኋት። የመጣው ውጤት ቅዠት ነው። ለካ የላቴክስ ፋይል ውስጥ "እዚህ ጋ አድምቅ"፣ "እዚህ ጋ ፎርሙላ ጀምር" የሚሉ ትዕዛዞች ሞልተዋል፤ እሷ እነሱንም ቃል ብላ ትቆጥራለች።

መፍትሔው ዲቴክስ ነው። ትዕዛዙን ልጦ ጽሑፉን ብቻ ያወጣል። ተርሚናል ላይ ዲቴክስ፣ የፋይሉ ስም፣ ፓይፕ የምንላት ቀጥ ያለች መስመር፣ ከዚያ ስታይል። አለቀ። ዋናው ፋይል አይነካም። ግን ፎርሙላዎቹም አብረው ስለሚወጡ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሃሉ ይጎድላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ግምት ያዙት።

ረጅሙ ዓረፍተ ነገሬ 52 ቃል ወጣ። የትኛው? 8ኛው ጥያቄ! የሳጥኑ ማስ፣ የዳገቱ አንግል፣ ፍሪክሽኑ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ፤ የሚጠየቀው ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ተደብቋል። ልጆቹ የተፈተኑት ፊዚክስ ሳይሆን የኔን እንግሊዝኛ ነበር።

አራት ቦታ ቆረጥኩት። ረጅሙ 14 ቃል ሆነ። ፊዚክሱ ያው ነው፣ ቁጥሮቹን ብቻ ቀየርኩ። በድጋሚ ስሰጣቸው ከክፍሉ ከግማሽ በላይ ሠራው።

ፕሮግራሟ ተአምር አትሠራም። መቁጠር እንጂ መረዳት አትችልም፤ አጭር ሆኖም ግራ የሚያጋባ ጥያቄ አለ። አማርኛም ሞክሬባት ነበር፤ አራት ነጥባችንን ስለማታውቀው ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ጠፋት። ኮምፒውተር ሳይንስ የገባችሁ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው።

ከዚያ በፊት ያስተማርኳችሁና "አታነቡም" ብዬ የተቆጣኋችሁ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስንቶቻችሁን በማይነበብ ጥያቄ እንደጣልኩ አላውቅም። አሁን ፈተና ከመባዛቱ በፊት መጀመሪያ የሚፈተነው መምህሩ ነው።