ሰሙም ያልተፈታ ዘፈን

ማግማ የሚባለው የፈረንሳይ የሮክ ባንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሥራውን ሲያወጣ በአንድ ሸክላ አልተወሰነም፤ ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ 80 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሙዚቃ አቀረበ። ስሙ ገና ላልታወቀ ባንድ ይህ ድፍረት ነው። የባሰው ድፍረት ግን በቋንቋው ላይ ነው። መሥራቹና ከበሮ መቺው ክርስቲያን ቫንደር ፈረንሳይኛ ለሙዚቃው ስላልበቃው ኮባይኛ የተባለ የራሱን ቋንቋ ፈጠረ። ታሪኩም ምድርን ትተው ኮባያ በምትባል ፕላኔት ስለሚሰፍሩ ሰዎች ነው።

አባቴ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኋቸው።

«ታዲያ ምኑን ነው የምትሰማው?»

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። እኛ ሰምና ወርቅ ስንፈታ ያደግን ነን፤ ሰሙ እንኳ የማይገባ ዘፈን ምን ወርቅ ይኖረዋል? ነገር ግን እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ቃሉን ተርጉምልኝ የሚለው የለም፤ ኀዘኑ ይሰማል። በዚህም ሸክላ የሰው ድምፅ ከሳክስፎኑና ከመለከቱ ጋር ተሰልፎ እንደ አንዱ መሣሪያ ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል።

ደግሞ አንድ የግል ምክንያት አለኝ። የእንግሊዝኛ ዘፈን ስሰማ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ከሚገባቸው ጓደኞቼ ጋርም አብሬ የገባኝ መስዬ እስቃለሁ። በኮባይኛ ሲዘፈን ግን የፓሪሱ ተማሪና እኔ እኩል እንግዶች ነን። ማንም አይቀድመኝም።

ሁለተኛው ሸክላ ይረዝማል፤ በዚህስ ከአባቴ ጋር እስማማለሁ።