«ምንም ሳትሸከሚ የት ትሄጃለሽ?»



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ውሻና ስለ እግር መንገድ ነው። «ለቤተሰብ ዓምድ ደግሞ ውሻ ምን አገባው?» የምትል እኅት እንደማትጠፋ አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ እንደዚያው እል ነበር። ቢሆንም ልጅ ያላት እናት ሁሉ ልታውቀው የሚገባ ነገር ስላለበት፣ ስሕተቴንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት የሰባት ዓመት ልጄን ዳቦ እንድትገዛ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ላክኋት። ስትመለስ እያለቀሰች ነበር፤ ባትዋን የመንገድ ውሻ ነክሷታል። ቁስሉ ትንሽ ነው። ጎረቤታችን ደሙ እንዲቆም ብላ የቡና ዱቄት ነሰነሰችበት፤ እኔም በጨርቅ አሰርኩት። የሥራ ሰዓት ደርሶብኝ ስለነበር «ምንም አይደል፣ ይድናል» ብዬ ጥያት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን የቢሮ ባልደረባዬ ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለወጠና «አንቺ ሴት፣ ልጅሽን እየገደልሽ ነው!» አለችኝ። ክትባቱ የተጀመረላት ያን ዕለት ነው። ተመስገን፣ ልጄ ዳነች። እነዚያን ሦስት ቀናት ግን እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ወዲያው ለሚደርስለት ሰው ግን መከላከያ አለው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው በውሻ ለተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሰው በሽታው የሚይዘው ከውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም መካከል ከመቶ አርባ የሚሆኑት ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። ካወቅኩም ወዲያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ፍርሃቴን ለልጄ ማውረስ ነበር። ውሻ ያለበት ግቢ አትገባም፤ ብቻዋን በእግር አትሄድም፤ ቡችላ ስትለምነኝም እቆጣለሁ። ስሕተቴን በእርሷ ላይ በክልከላ የተወጣሁት ይመስለኛል።

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ወደ ጋምቤላ ተላክሁ። ከሥራዬ ቦታዎች አንዱ ጀዊ ነበር። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተበት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ በታኅሣሥ 2013 ከተነሣ በኋላ ድንበር ተሻግረው በሌችዎር መጠለያ የሰፈሩ ሰዎች በ2014 ጎርፍ አጥለቅልቋቸው ስለነበር፣ ብዙዎቹ ወደዚህ ተዛወሩ። አብዛኞቹ ኑዌሮች ሲሆኑ፣ የሚበዙትም ሴቶችና ልጆች ናቸው።

በዚያ የማውቃት አንዲት ነርስ አለች፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ብዙ ዓመት እዚያ ስለኖረች ኑዌርኛ ትናገራለች። «ነገ በንጋት በእግር እንወጣለን፣ ተዘጋጂ» ስትለኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ በሩን ስከፍት ግን አንድ ቡናማ ውሻ ከጎኗ ቆሟል። ስሙ መቻል ነው። ጉልበቴ ራደ፤ «ራሴን አሞኛል» ብዬ ልቀር ስል ጓደኛዬ ገባትና «አንቺ ከፊት፣ እኔና እርሱ ከኋላ። በፈለግሽ ጊዜ እንመለሳለን» አለችኝ። እሺ አልኩ።

የሄድንበት ቀጭን መንገድ በረግረግ ዳር የሚያልፍ ነው። የጋምቤላ ሜዳ በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ በብዙ ቦታ ውኃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ ካለፈም በኋላ ቄጠማው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በጎረቤት የሚፈሰው ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆንና ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በክረምት ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች እስከ ጋምቤላ ወጥተው የሀገራችንን ቡና ይጭኑ ነበር።

መቻል ከገመዱ አልተፈታም። «ለምን አትለቂውም? አይነክስም ካልሽ» አልኳት። «አለመንከሱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሚያገኘን ሰው አያውቅም» አለች። ሌላም ምክንያት አላት። ውሻ ውኃ ካየ መግባቱ አይቀርም፤ በባሮ ደግሞ አዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ወጣት የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል ጋምቤላ ላይ በዚሁ ወንዝ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። ስለዚህ ውሻዋን ከወንዝ አታጠጣውም፤ ውኃውን በኮዳ ይዛለት ትወጣለች።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከፊታችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መጡ። የፊተኛዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሸክሙን በራሳቸው ላይ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ደግፈው ይራመዳሉ። ውሻውን ሲያዩ በድንገት ቆሙ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ጭቃ ነው። ሸክም ያለበት ሰው ሮጦ አያመልጥ፣ ጎንበስ ብሎም ድንጋይ አያነሣ። ዓይናቸውን ስመለከት ራሴን አየሁ።

ጓደኛዬ አንድ ቃል ሳትናገር ገመዱን አሳጠረችና ውሻውን ይዛ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገባች። መቻልን አስቀመጠችው፤ በእርሱና በሴቶቹ መካከልም ራሷ ቆመች። «ማሌ» ብላ ሰላምታ ሰጠች። ሴትዮዋም «ማሌ» አሉና አለፉ። ካለፉ በኋላ ግን ዘወር ብለው ወደ እኔ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ተከታዮቻቸውም ሳቁ። «ምን አሉኝ?» አልኩ። ጓደኛዬ እየሳቀች ተረጐመችልኝ፤ «ምንም ሳትሸከሚ የት ትሄጃለሽ?»

የምመልሰው አጣሁ። «ለመናፈስ» ብል ቃሉ በአፌ ሊከብደኝ ነው። ለእርሳቸው ይህ መንገድ የማገዶ መንገድ ነው፤ እንጨት ፍለጋ ርቆ መሄድ ደግሞ ለሴት ልጅ ድካም ብቻ ሳይሆን አደጋም ያለበት መሆኑን ጓደኛዬ በሥራዋ በየጊዜው የምትሰማው ነው። እኔ ለደስታ የወጣሁበት መንገድ የሌላ ሰው የዕለት ኑሮ መሆኑን እርሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ ልብ አልለውም ነበር። እኅቶቼ፣ ከከተማ ወጥቶ በእግር መሄድ መልካም ነው፤ ማሳ ዳርም ሆነ እንጦጦ ላይ፣ ሸክም ካለበት ሰው ጋር ስንገናኝ ግን ከመንገድ መውጣት ያለብን ባዶ እጃችንን ያለነው ነን።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ኮረብታዎች አንዱን ወጣን። የጋምቤላ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጎሬ የሚገኝበት ደጋ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ወደ ምሥራቅ በሄዱ ቁጥር መሬቱ እየተነሣ ይሄዳል። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተነሣነው ሙቀቱን ለመሸሽ ነው። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። ጓደኛዬ በየጊዜው የእጅዋን ጀርባ መሬቱ ላይ ታኖራለች፤ እጅን የሚያቃጥል መሬት የውሻውንም መዳፍ ያቃጥላልና። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለስን። ቤት ስንደርስም ጆሮውንና የጣቶቹን መሐል እያገላበጠች መዥገር ፈለገችለት።

በቁልቁለቱ ላይ አንድ ጊዜ አዳለጠኝ። ጓደኛዬ እጄን ልትይዝ ስትመጣ ገመዱን ተቀበልኳት። መቻል እንደቆመ ጠበቀኝ። የውሻ ገመድ ስይዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ክትባቱ ስጠይቃት የባሌን ነገር አነሣችልኝ። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ የሚኖሩት በኢትዮጵያ ተራሮች ነው፤ ቁጥራቸውም አምስት መቶ የማይሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004፣ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ ያመጣባቸውም ከሰው ጋር የሚኖረው ውሻ ነው። በ2018 በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀመረ። ያልተከተበ አንድ ውሻ ለቀበሮም ለልጅም አደጋ ነው። የተከተበና የታሰረ ውሻ ግን ጓደኛ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያን ጊዜ በጨርቅ አስሬ ጥያት የሄድኩትን ጭምር። «አውቃለሁ እማዬ» ብቻ አለችኝ። ቡችላ አልገዛንም፤ ቤታችን ጠባብ ነው። ጎረቤታችን ግን የተከተበ ውሻ አላቸው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን፣ ውሻው አራተኛ ሆኖ፣ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። ልጄ ገመዱን ትይዛለች፤ ሰው ሲመጣም ከመንገድ ወጣ ብላ ትቆማለች። እኔ አሁንም ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ አደራ የምላችሁ ጥቂት ነው። ልጃችሁን ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው፣ ቁስሉ ቢያንስም፣ ቡናም በርበሬም አትነስንሱበት፤ አታሽጉትም። በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ክትባቱ በተከታታይ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ ልጁ ደኅና መሰለ ብላችሁ አታቋርጡ። ውሻ ያላችሁም በየዓመቱ አስከትቡ። ሥራ ቢረፍድባችሁ ይርፈድ። እኔ ያን ዕለት በሰዓቴ ቢሮ ገብቻለሁ፤ ምን እንደሠራሁ ግን ዛሬ አላስታውስም።