ለጫጉላችሁ ደሴት ስትመርጡ

«ጫጉላ» የሚለው ቃል ለእናቶቻችንና ለአያቶቻችን የሚሰጠው ትርጉም አንድ ነው፤ ለዛሬ ሙሽሮች የሚሰጠው ደግሞ ሌላ። ለፊተኞቹ ጫጉላ በሠርግ ሰሞን በሙሽራው ወላጆች ግቢ የሚሠራ ጎጆ፣ አለዚያም በመጋረጃ የሚከለል ጓዳ ነበር። ሙሽራዪቱ እዚያ ትገባለች፤ ሚዜዎች ደጁን ይጠብቃሉ፤ ገንፎውና ቅቤው፣ ሥጋውና ማሩ በየተራ ይቀርብላታል። ለዛሬዎቹ ግን ቃሉ «ሽርሽር» ከሚለው ጋር ካልተጣመረ ሙሉ አይመስላቸውም። ፈረንጆች «የማር ጨረቃ» የሚሉትን ልማድ ተቀብለን የራሳችንን የጎጆ ስም አወጣንለት። በጎጆው ፈንታ አውሮፕላን፣ በጓዳው ፈንታ የባሕር ደሴት መጣ። ይህን ለመንቀፍ አይደለም ብዕሬን ያነሣሁት። አንዲት ሙሽራ ደሴት ስትመኝ በእርግጥ የምትመኘው ምን እንደሆነ ከውድ አንባቢያን ጋር ለመነጋገር ነው።

ለጽሑፌ መነሻ የሆነችኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። አቀስታ ተወልዳ አቀስታ ያደገች፣ ዛሬም እዚያው የምታስተምር የ25 ዓመት ወጣት ናት። አቀስታን ለማያውቁ ልንገራቸው፤ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ የምትገኝ የደጋ አገር ናት። ገብስና ባቄላ ይበቅልባታል፤ በግ ይረባባታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ባና ደርበው ቢተኙም ይሰማል። እንዲህ ባለ አገር ያደገች ልጅ በሙቅ ባሕር ዳር በባዶ እግሯ በአሸዋ ላይ መሄድ ብትመኝ ምን ያስደንቃል? ኒካሑ ለጥር ወር ተቆርጦ ሳለ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ስልኳን ከፍታ የዛንዚባርን የባሕር ዳርቻ አሳየችኝ።

እጮኛዋ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቁጠባ የሚያውቅ ልጅ ቢሆንም፣ «ለአንድ ቀን የሚሆን ደስታ» ሲባል እጁ የሚፈታ መሆኑን አየሁ። የዕቁቡን ዕጣ ቀድሞ ሊወስድ፣ የጎደለውን ከነጋዴ አጎቱ ሊበደር አስቧል። እሷም «መህሬን እጨምርበታለሁ» ትላለች። በሌላ በኩል እህቴ፣ «ዓባይን እንኳ ያልተሻገረች ልጅ ባሕር ላይ ልትወጣ!» እያለች ትቆጣለች። የወደፊት አማቷ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ቆርጠውታል። «ምራቴ በሦስተኛው ቀን እጇን ታጥባ ማጀት ትገባለች፤ የምን አገር ለአገር መዞር ነው?» ብለዋል።

ልጅቱን ለብቻዋ አስቀምጬ፣ «ለመሆኑ ዛንዚባር ሄደሽ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኋት።

«ምንም፣ አክስቴ» አለችኝ። «ምንም ላለማድረግ ነው የምሄደው። ‘ነይ ቡና አፍዪ፣ ነይ እንግዳ ተቀበዪ’ የሚለኝ ሰው በሌለበት ቦታ አምስት ቀን ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ። ከታጨን ወዲህ እንኳ ሰው ሳይኖር ለአንድ ሰዓት ተጫውተን አናውቅም።»

እነሆ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ የጠየቀችው ባሕር ሳይሆን ከሥራና ከዘመድ ዓይን የሚያርቃትን ጥቂት ቀን ነው። ይህ ደግሞ ከውጭ የመጣ ምኞት አይደለም፤ የጥንቱ ጫጉላም በከፊል የተሠራው ለዚሁ ነበር። በዚያ ጎጆ ሙሽራ ውኃ አትቀዳም፣ አትፈጭም፣ እንጀራ አትጋግርም። በሕይወቷ ሙሉ ሌላው ሠርቶ እሷ የምትበላበት ጊዜ ምናልባት ያ ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ጫጉላ አሳምሮ ብቻ መናገር እውነትን መደበቅ ይሆናል። እህቴ የተዳረችው በ15 ዓመቷ ነው። ስለ ጫጉላዋ ስጠይቃት፣ «የማስታውሰው የሚዜዎቹን ሳቅና የራሴን ፍርሃት ነው፤ የባሌን ፊት ቀና ብዬ ያየሁት ከወር በኋላ ነው» አለችኝ። ደጁ የሚጠበቀው ለእሷ ዕረፍት ብቻ አልነበረም፤ ክብሯ የሚመረመርበት፣ የቤተሰቡ ወሬ የሚጠበቅበት ደጅም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጽንቷል። የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድም ግዴታ ሆኗል። እንግዲህ እናቷ ያልተጠየቀችውን ፈቃድ ልጅቱ ተጠይቃ ካገባች፣ ከጋብቻው በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንት እንዴት እንደምታሳልፍ መናገር እንዴት ድፍረት ይባላል?

ምኞቷን ከደገፍሁ በኋላ ወደ ሒሳቡ ገባን። ሁለቱን አስቀምጬ በደብተር አሰላን። የአውሮፕላኑ ቲኬት፣ የሆቴሉ ኪራይ፣ ቪዛውና ምግቡ በዶላር ይታሰባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት ሄደው የመጡ ጓደኞች የሚናገሩት ዋጋ ለዛሬ ሙሽራ አይሠራም ማለት ነው። ድምሩ ሲወጣ የሁለቱ የ9 ወር ደመወዝ ሆነ፤ ያውም ምንም ሳይበሉ። ልጁ ዝም አለ። እሷም ስልኳን ዘጋችው።

የመህሩን ነገር ግን በዝምታ ላልፈው አልቻልሁም። መህር የሴቲቱ የግል ሀብት ነው፤ ሃይማኖቱ የሚያዘው ይህንኑ ነው። ለክፉ ቀን መጠጊያዋ፣ ለትምህርቷም ሆነ ለሥራዋ መነሻዋ ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በአሸዋ ላይ ማፍሰስ ተገቢ ነው? ፈቅዳ ብትሰጥ መብቷ ነው፤ ነገር ግን «አብረን እንክፈል» ሲባል አፍራ የምትሰጠው ከሆነ ፈቃድ አይባልም። ይህን ስናገር እጮኛዋ ራሱ፣ «መህሯ አይነካም» ብሎ ቆረጠ። እኔም በልቤ ይህች ልጅ ጥሩ ሰው አገኘች አልሁ።

አቅም ያላቸው፣ ወደ ባሕር ደሴት ለመሄድ የወሰኑ ሙሽሮች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ለእነሱ ጥቂት ነገር ላስታውስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዛንዚባርም ወደ ሲሸልስም ይበራል፤ ችግሩ ያለው የእኛ የሠርግ ወራትና የደሴቶቹ ዝናብ የሚገናኙበት ላይ ነው። ሠርጋችን የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። በዛንዚባር ጥርና የካቲት ሙቀት ያላቸው፣ ዝናብ የማይበዛባቸው ወራት ሲሆኑ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ከባዱ ዝናብ ይወርዳል። ሲሸልስ በተቃራኒው በታኅሣሥና በጥር ትዘንባለች። እንግዲህ የጥር ሙሽራ ወደ ዛንዚባር ብትሄድ ይቀናታል፤ የሚያዝያ ሙሽራ ግን በሆቴል መስኮት ዝናብ ስትቆጥር ልትሰነብት ትችላለች። ከኢትዮጵያ ወደ ታንዛንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የደጋ ሰው ደግሞ የወባን ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር። ዛንዚባር ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በባሕር ዳርቻው የሚለበሰው በከተማው መንገድ አይለበስም፤ ይህ ለወሎ ልጅ ባዕድ አይሆንባትም።

ከአገር ሳይወጡስ ደሴት አይገኝም? ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ምጽዋና የዳህላክ ደሴቶች የእኛ አይደሉም፤ የቀሩን የሐይቅ ደሴቶች ናቸው። ጣና ብቻ 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ወደዚያ ለሚያስቡ ሙሽሮች አንድ ነገር ልንገር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ይህን ሳይጠይቅ ጀልባ የተከራየ ባል ገዳሙን ሲጎበኝ ሙሽራዪቱ ጀልባዋ ላይ ትጠብቀዋለች፤ ለጫጉላ የሚሆን ነገር አይደለም። ሴቶች የሚገቡበት እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ነው፤ በዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያምም ለሴት ክፍት ናቸው። በደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ደግሞ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ሴት ናቸው፤ እቴጌ ምንትዋብ። በግድግዳው ሥዕል ከማርያም እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከወሎ ወደ ባሕር ዳር የሚነሣ ሰው የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት መጠየቅ ይኖርበታል።

የእኛዎቹ ልጆች በመጨረሻ የመረጡት የቅርቡን ሆነ፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን ሐይቅን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ጥንት በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም፤ ነገር ግን የሐይቁ ዳር ለሁሉም ነው። አየሩ ከአቀስታ ብርድ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው፤ ዓሣው ይጣፍጣል፤ መንገዱም በአንድ ቀን ይደረስበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሲያገባ ከደመወዝ ጋር የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ልጁ ይህን ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር አጋጥሞ አምስት ቀን አደረገው፤ እሷም ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ተዘግቶ ነበር። ወጪው ከዕቁቡ ዕጣ ጥቂቱን ብቻ ወሰደ። ለዛንዚባሩ በየወሩ የሚጠራቀም ሌላ ዕቁብ ገቡ፤ ሲሞላ ይሄዳሉ።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው የአማትየዋ ጉዳይ ነበር። ለእሳቸው እንዲነግር የታዘዘው ልጁ ራሱ ነው። ይህን እኔ አጥብቄ ተናግሬአለሁ፤ ለባል እናት የማይመች ነገር ሲነገር ተናጋሪዋ ምራት ከሆነች ቂሙ ለዓመታት ይተርፋታል። እሱም፣ «እማ፣ አምስት ቀን ስጭን፤ ስንመለስ ቡናሽን ሁለታችንም እናፈላለን» አላቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ አኮረፉ። በኋላ ግን ራሳቸው በተዳሩ በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ላይ መቀመጣቸውን አንሥተው፣ «እኔን እኮ ‘ደከመሽ ወይ?’ ያለኝ አልነበረም» አሉ። ሲነሡም ለመንገድ የሚሆን በሶና ቋንጣ ቋጥረው፣ ዱዓ አድርገው ሸኟቸው።

ሙሽሮቹ በእነዚያ አምስት ቀናት ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም፤ የእነሱ ነው። ልጅቱ ግን ሦስት ነገር እንደተስማሙ ነግራኛለች፦ የመጀመሪያውን ልጅ መቼ እንደሚወልዱ፣ ደመወዛቸውን እንዴት እንደሚያዙ፣ እሷም ትምህርቷን መቼ እንደምትቀጥል። ይህ ሁሉ በቅልቅሉና በመልሱ ግርግር መካከል ሊነገር የማይችል ነገር ነበር።

ስለዚህ የምታገቡ እኅቶች፣ የጫጉላችሁን ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትሹትን ለእጮኛችሁ በግልጽ ንገሩት፤ «አንተ እንዳልህ» ማለት ጨዋነት መስሎ ይታያል፣ ኋላ ግን ጸጸት ይሆናል። ወንድሞችም፣ ለሙሽራችሁ በብድር የምትገዙላት ባሕር ዕዳው ለእሷም እንደሚደርስ አትርሱ። እናቶችና አማቶች ደግሞ፣ ምራታችሁ ማጀት የምትገባበት ዘመን ረጅም ነው፤ ከዚያ ውስጥ አምስት ቀን ብትለቁላት ቤቱ አይጎድልም። ደሴቱ ሩቅም ይሁን ቅርብ፣ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም የሚነጋገሩበት ከሆነ ጫጉላ ነው።