የዘለልነው ታሪክ

በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ታሪክ የሚባል ነገር አልነበረም። ጌሙ ውስጥማ ነበረ፤ እኛ ነን ያላየነው። «ሳን አንድሪያስ» ተከፍቶ ሰዎቹ ቆመው ማውራት ሲጀምሩ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ዝለለው!» ይላል። ሒሳቡ በሰዓት ነዋ! በተከፈለበት ሰዓት ሰው ሲያወራ መመልከት ብር ማቃጠል ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን፣ እውነቱን እናውራና፣ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር አይተዋወቅም ነበር።

በዚህ የተነሳ ሲጄ የእናቱን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው መሆኑን ያወቅነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ጌሙ የወጣው በ2004 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው በ1992 ነው። ሲጄ አምስት ዓመት ከአገር ርቆ ቆይቶ፣ እናቱ ተገድላ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። መቃብሩ ላይ ወንድሙ «ጥለኸን ሄደህ» እያለ ይቆጣዋል። እኛ ታዲያ በዚያች ሰዓት ምን እያደረግን ነበር? መኪና እየነጠቅን፣ መንገደኛ እየደበደብን፣ ከደብተር ጀርባ ገልብጠን የያዝነውን ኮድ እያስገባን ታንክ ከሰማይ እናወርድ ነበር። የእናቱ ሠልስት እንኳ ሳይወጣ!

አሁን አድገናል። የምንሰበሰበው አንዳችን ቤት ነው፤ ተራ ጠባቂ የለም፤ ታሪኩንም አንዘልም። የቀረልን ክርክር ነው። «የጌም ታሪክ ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለው ክርክር ከቡና በላይ እያነቃ ስንት ቅዳሜያችንን በልቷል።

ከመሃላችን አንዱ አቋሙ ግልጽ ነው። «ጌም ታሪክ አያስፈልገውም። ኳስ ስንጫወት ታሪክ አለው እንዴ?» ማስረጃው ደግሞ ቀላል አይደለም። የ2008ቱን «ጂቲኤ ፎር» ይጠራል። ኒኮ ቤሊክ ከጦርነት የተረፈ፣ ያለፈው የሚያባንነው ስደተኛ ነው። ሲያወራ ሆዳችንን ያባባዋል። ወሬው እንዳለቀ ግን እኛ ጆይስቲኩን ይዘን እግረኛ መንገድ ላይ በመኪና እንወጣለን። ሰውዬው የትኛው ነው? የሚጸጸተው ወይስ የሚገጨው?

ክሊንት ሆኪንግ የሚባል የጌም ዲዛይነር በ2007 «ባዮሾክ»ን ሲተች ለዚህ በሽታ ረዥም የእንግሊዝኛ ስም አወጣለት። በእኛ ቤት ቋንቋ «እጅና አፍ ተጣላ» እንለዋለን። ታሪኩ የሚነግርህና ጌሙ የሚያስደርግህ አልተስማሙም ማለት ነው። የ«አንቻርትድ» ሠሪዎች እንኳ አምነውበት ቀልደውበታል። በ2016 በወጣው አራተኛው ክፍል አንድ ሺህ ጠላት ለጣለ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት በዚሁ ቃል ሰየሙት። ጥፋትን አምኖ መሳቅ ግን ጥፋትን ማረም አይደለም።

አብዛኛዎቻችን መጀመሪያ ላይ የተሳሳትነው «መታመን»ን ከ«መምሰል» ጋር አንድ አድርገን ነው። ላቡ ይታያል፣ ፀጉሩ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ይታመናል! ይህን ሐሳብ ያፈረሰብን በ2013 የወጣው «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ነው። ሉካስ ፖፕ ለብቻው የሠራው ነው፤ ሥዕሉ ድፍርስርስ ያለ፣ ሰዎቹ አራት ማዕዘን ነገር ናቸው። አንተ የድንበር ፓስፖርት መርማሪ ነህ። አንድ ሰውዬ ወረቀቱ ተሟልቶ ያልፍና «ቀጥላ ያለችው ሚስቴ ናት፣ አደራህን» ይላል። እሷ ትመጣለች፤ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ብታሳልፋት ይመዘገብብሃል፤ ስህተት ሲደጋገም ከደሞዝህ ይቆረጣል፤ ደሞዝህ ደግሞ ለልጅህ መድኃኒትና ለቤትህ ማሞቂያ አይበቃም። በሕይወቱ አንድ ቀን መስኮት ፊት ተሰልፎ «አንድ ወረቀት ይጎድላል» የተባለ ሰው ይህንን ለማመን የላብ ጠብታ ማየት አያስፈልገውም። እዚህ እጅና አፍ አንድ ናቸው፤ ማኅተሙን የምትመታው አንተው ነህ።

ትልቁ ጠባችን ግን «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ነው። (ያልጨረሳችሁት እዚህ ላይ አቁሙ፤ መጨረሻውን እናወራለን።)

በ2013 የወጣው ጌም እንዲህ ነው። የሰውን አንጎል የሚበላ እንጉዳይ ዓለምን ያጠፋል፤ ጆኤል በመጀመሪያዋ ሌሊት ልጁን ያጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ በሽታው የማይዛትን ኤሊን አገር አቋርጦ ያደርሳል። ሆስፒታል ሲደርሱ ፈውሱ የሚገኘው ልጅቷ ሞታ መሆኑን ይሰማል። ሐኪሙን ገድሎ ይዟት ይወጣል። ስትነቃ ይዋሻታል።

«ጌም ታሪክ አያስፈልገውም» የሚለው ጓደኛችን እዚህ ላይ ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ ጣለው። «ሐኪሙን ካልገደልክ ጌሙ አይቀጥልም! ምርጫ አልሰጠኝም። የጆኤል ኃጢአት ነው፣ እጁ ግን የእኔ ነው።» ግማሾቻችን ተስማማን። ግማሾቻችን «ጥሩ አድርጎ! አባት የሆነ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ምርጫ ያለው ይመስልሃል?» አልን። ጩኸቱ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የነበረው ሌላው ጓደኛችን «ውሸቱን መልሱልኝ» አለ። መለስንለት። ጆኤል መኪና እየነዳ ነው፤ እንዳንቺ በሽታው የማይዛቸው ብዙ ሰዎች ተገኝተዋል፣ ምንም አልጠቀመም፣ መፈለጉንም ትተውታል እያለ ይተርካል።

«አጎቴም እንዲህ ነው ያወራው» አለ ጓደኛችን። «ያልጠየቅሁትን ይጨምር ነበር።»

ነገሩ ይህ ነው። እናቱ ስታርፍ እሱ ክፍለ አገር ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተና ላይ ነበር። ቤተሰቡ ተመካክሮ ደበቀው። ሲደውል አጎቱ ያነሳና «ጠበል ገብታለች» ይለዋል። እዚያ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ይቀጥላል፤ ቦታው ኔትወርክ የለውም፣ ስልኳንም እኔ ዘንድ ትታ ነው፣ ቄሱም ሁለት ሱባኤ ሳትጨርስ አትውጣ ብለዋታል። ጓደኛችን የጠየቀው «ደህና ናት?» ብሎ ብቻ ነው። ፈተናውን ጨርሶ ቤት በገባ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ።

ማንም አልተናገረም። ከእኛ ውስጥ መርዶ ደብቆ የማያውቅ፣ ወይም ያልተደበቀበት ማን አለ?

ስለ ጥሩ አጻጻፍ ያነበብነው ሁሉ ያን ያህል አላስተማረንም። ደካማ ጸሐፊ «የምዋሽህ ስለምወድህ ነው» ያስብለዋል። ይህኛው ጸሐፊ ግን ለውሸታሙ ትርፍ ዝርዝር ሰጠውና ዝም አለ። (የእኛ ተከታታይ ድራማዎች በዚህ ላይ ብዙ የሚባልባቸው አሉ፤ ዛሬ ግን አንነካቸውም።) ደግሞ ጓደኛችን የያዘልን ሌላ ነገር አለ። በመጨረሻው ትዕይንት ላይ የምናንቀሳቅሰው ጆኤልን ሳይሆን ኤሊን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ገዳዩን ሆነን ቆይተን፣ መጨረሻ ላይ የተዋሸችውን ልጅ ሆነን ከኋላው እንራመዳለን። ማዪልኝ ስትለው ይምላል። እሷም በአንዲት ቃል ትቀበለዋለች። አምናው ነው? ተጫውተነው ሰባት ጊዜ ተጣልተናል።

በ2020 የወጣውን ሁለተኛ ክፍል ያነሳን እንደሆን አይመሽም። የሐኪሙ ልጅ አድጋ ጆኤልን ትገድለዋለች፤ ከዚያ እሷን ሆነን እንጫወታለን። ጠላት ሲወድቅ ባልንጀራው በስሙ ይጠራዋል። ይህ ቆንጆ ነው። ነገር ግን ኤሊ ያን ሁሉ ስም ያለው ሰው ገድላ ስታበቃ፣ በመጨረሻ ዋናዋን ስትለቃት ብዙዎቻችን አልዋጥልን አለ። እጅና አፍ እንደገና ተጣሉብን። አንዱ ብቻ «መታከት ነው፤ ይቅርታ አይደለም» ብሎ ይሟገታል።

ያ ጓደኛችን ሁለተኛውን እስካሁን አልጀመረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ኳስ ይጫወታል። ጌሙን እንክፈተው ስንለው «እኔ ጠበል ገብቻለሁ» ይለንና ይስቃል፤ ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው፣ ኔትወርክ የለም ብሎ ይጨምራል።